በዐሥራ ሁለት ግጥሚያ ሰው ላይ አይፈረድም



በየዓመቱ ኦክቶበር ሲገባ በዚህች በኤድመንተን ከተማ ሁለት ነገሮች አብረው ይጀመራሉ። አንደኛው የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ነው፤ ሁለተኛው የበረዶ ሆኪ ውድድር ነው። ሁለቱም ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው በማደሪያ ቤታችን የጋራ ክፍል ፍርድ ቤት ይቆማል። ዳኛው ብዙ ነው፤ ከሳሹም ብዙ ነው፤ ጠበቃ ግን አይገኝም። «እገሌ አብቅቶለታል»፣ «እገሌ ገንዘብ በከንቱ ይበላል»፣ «በረኛው ይባረር»፣ «አሠልጣኙ ይሂድ» የሚለው ድምፅ እስከ እኩለ ሌሊት ይሰማል። እኛም ከኢትዮጵያ በመጣን በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የጨዋታውን ሕግ በሙሉ ሳናውቅ፣ ከፈራጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። ስለዚህ ዛሬ ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ ሳይሆን ራሳችንንም ለመውቀስ ነው።

ጨዋታውን ላላዩት ወገኖቻችን በጥቂት ቃል እንግለጸው። በያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰዎች በበረዶ ላይ ይሰለፋሉ፤ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ ቆልማማ ዱላ ይዘው ይጫወታሉ። የገና ጨዋታን በልጅነቱ የተጫወተ ሁሉ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የሚመታው ኳስ ሳይሆን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ነው፤ ለአነጋገር እንዲመች ግን ኳስ እንበለው። በ2023 በተጀመረው ውድድር አንድ ቡድን ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል 82 ጊዜ ይጋጠም ነበር። ላሸነፈ ሁለት ነጥብ፣ በተጨማሪ ሰዓት ለተሸነፈ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ከ32ቱ ቡድኖች 16ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ። በዚያም አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል፤ አራቱንም ዙር ያለፈ የስታንሊ ዋንጫን ያነሣል።

የከተማችን ቡድን ኦይለርስ ከ1984 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ዋንጫውን አምስት ጊዜ ወስዷል (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ከዚያ ወዲህ ግን እስከ 2025 ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልወሰደም። የደጋፊው ትዕግሥት ማጣት ከዚህ የመጣ ነው። የራበው ሰው ምጣዱ ሳይግል እንጀራውን ይጠይቃል። ይህን እንረዳለን፤ ነገር ግን መረዳት ማለት ማጽደቅ አይደለም።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። በ2023 ውድድሩ ሲጀመር ተስፋው እጅግ ከፍ ያለ ነበር። አምበሉ ኮነር ማክዴቪድ ባለፈው ዓመት 64 ጎል አግብቶ፣ ለጓደኞቹ ያቀበለው ሲደመርበት 153 አስመዝግቦ ነበር። ኦክቶበር 11 ቀን በቫንኩቨር በተደረገው በመጀመሪያው ግጥሚያ ግን ቡድናችን 8 ለ 1 ተሸነፈ። ከሦስት ቀን በኋላ በገዛ ሜዳው በዚያው በቫንኩቨር ቡድን 4 ለ 3 ተረታ። ናሽቪልን 6 ለ 1 ሲያሸንፍ «ይኸው ተመለሱ» አልን፤ በፊላደልፊያ 4 ለ 1 ሲሸነፍ «አላልናችሁም ነበር?» አልን። ኦክቶበር 29 ቀን በኮመንዌልዝ ስታዲዮም፣ ጣራ በሌለው ሜዳ፣ ከ55 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ጎረቤቱን ካልጋሪን 5 ለ 2 ሲያሸንፍ ከተማው የሠርግ ቤት መሰለ። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ።

አራተኛው ሽንፈት ኖቬምበር 9 ቀን በሳን ሆዜ የደረሰው ነው። ሳን ሆዜ የመጀመሪያዎቹን 11 ግጥሚያዎች አንዱንም ያላሸነፈ፣ በሁለት ተከታታይ ግጥሚያ ዐሥር ዐሥር ጎል የገባበት ቡድን ነበር። እርሱ 3 ለ 2 አሸነፈን። በዚያች ሌሊት የቡድናችን ሒሳብ ይህ ነበር፦ 12 ግጥሚያ፣ ሁለት ድል፣ ዘጠኝ ሽንፈት፣ አንድ የተጨማሪ ሰዓት ሽንፈት፤ በጠቅላላው 5 ነጥብ።

በዚያች ሌሊት በጋራ ክፍላችን የተሰየመው ችሎት ተከሳሾቹን አንድ ባንድ ጠራ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ማንም ዱላ ሳይጨምር አላለፈም። እኛም ተከሳሾቹን ዛሬ እንደ ገና እንጥራቸውና ጉዳዩን ከሥሩ እንመርምረው።

መጀመሪያ የተጠሩት ሁለቱ በረኞች ናቸው። ጃክ ካምቤል በ2022 ለአምስት ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር የተዋዋለ ሰው ነው። በ2023 አምስት ጊዜ ቆሞ ከተመታበት መቶ ኳስ 87 ያህሉን ብቻ አዳነ፤ በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ወደ ታችኛው ውድድር፣ ወደ ቤከርስፊልድ ተላከ። ሁለተኛው ስቱዋርት ስኪነር ነው። እርሱ በ1998 በዚችው በኤድመንተን የተወለደ የከተማው ልጅ ነው፤ ባለፈው ዓመት ከጀማሪዎች ሁሉ ለሚበልጠው ለሚሰጠው ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዱ ነበር። በዚያ ኦክቶበር ግን እርሱም እንደ ጓደኛው ኳስ ያመልጠው ጀመር። «ያለፈው ዓመት ዕድል ነበር፤ ልጁ አይረባም» ተባለ። ይህን ካሉት መካከል እኛም ነበርንበት።

እስቲ ሒሳቡን ረጋ ብለን እንሥራው። በአንድ ግጥሚያ ወደ በረኛው 30 ያህል ኳስ ይመታል። ከመቶ 87 የሚያድን በረኛ ከሠላሳው አራት ያህል ይገባበታል። ከመቶ 90 ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ የሚያድን በረኛ ሦስት ያህል ይገባበታል። እንግዲህ «ይባረር» በምንለውና «ጀግናችን» በምንለው በረኛ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ምሽት አንድ ኳስ ነው። በአምስት ግጥሚያ አምስት ኳስ ማለት ነው። ከነዚህ ከአምስቱ አንዱ የገዛ ተከላካዩ ጫማ ነክቶት አቅጣጫውን የለወጠ ቢሆንስ? ሌላው ሰው ተደርድሮበት በረኛው ፈጽሞ ያላየው ቢሆንስ? ሦስተኛው ባላጋራ ብቻውን ከፊቱ ተትቶለት የመታው ቢሆንስ? በሁለት ኳስ ወይም በሦስት ኳስ የሰው ሙያ ይመዘናልን? አጥቂው ሲሳሳት ተከላካዩ ይደርስለታል፤ ተከላካዩ ሲሳሳት በረኛው ይደርስለታል፤ በረኛው ሲሳሳት ግን የሚደርስለት የለም። ስለዚህ የሁሉም ጥፋት በርሱ ስም ይጻፋል።

ስኪነር ያን ዓመት እንዴት እንደ ፈጸመ ይታወቃል። በ59 ግጥሚያ ቆሞ 36ቱን አሸነፈ፤ ከመቶም ከ90 በላይ አዳነ። አይረባም ያልነው ሰው ያ ነው።

ሦስተኛው ተከሳሽ ተከላካዩ ኢቫን ቡሻርድ ነበር። ክሱ «ኳስ ያበላሻል፤ ጎል ያስገባብናል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በዚያ ወራት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ነገር ግን ኳሱን አብዝቶ የሚይዝ ሰው ጥፋቱም አብዝቶ ይታያል። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ሲሉ አባቶቻችን ይህን ማለታቸው ይመስለናል። ይኸው ተከላካይ ዓመቱን ሲፈጽም 18 ጎል አግብቶ፣ ያቀበለው ሲጨመር 82 አስመዘገበ። ይህን የሚያህል ለተከላካይ ቀርቶ ለአጥቂም ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛው ኮነር ብራውን ነው። በጉልበት ጉዳት ምክንያት ያለፈውን ዓመት ከሞላ ጎደል በሙሉ ከሜዳ ርቆ፣ በ2023 በጋ ወደ ቡድናችን መጣ። ጎል ሲጠበቅበት ኦክቶበር አለፈ፤ ኖቬምበር አለፈ፤ ገናም ጥምቀትም አለፈ፤ ጎል የለም። የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው ማርች 12 ቀን 2024 ነው። እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አንወድም፤ «ጎል አያገባም» ያሉት ወንድሞቻችን አምስት ወር ሙሉ ልክ ነበሩ። የተሳሳቱት «ስለዚህ አይጠቅምም» ሲሉ ነው። ቡድኑ በቅጣት አንድ ሰው ጎድሎበት ሲጫወት በሩን ከሚጠብቁት ጠንካራ ሰዎች አንዱ ይኸው ሰው ነበር። በፍጻሜው በአምስተኛው ግጥሚያ፣ ቡድኑ በሰው ጎድሎ ሳለ፣ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባውም እርሱ ነው። ሰውን በአንድ ሚዛን ብቻ መመዘን ጤፍን በክንድ እንደ መለካት ነው።

በመጨረሻም ማክዴቪድን ራሱን ከሰሱት። «ምን ነካው? ፍጥነቱ የት ሄደ?» ተባለ። ሰውዬው ኦክቶበር 21 ቀን ከዊኒፔግ ጋር ሲጋጠም ተጎድቶ፣ ሁለት ግጥሚያ ብቻ ቀርቶ፣ በስታዲዮሙ ቀን ተመልሶ እንደ ተጫወተ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ የተመለሰውን ሰው ከጤናማው ማክዴቪድ ጋር እያወዳደርን ስንፈርድበት ግን ማናችንም «ቆዩ እንጂ» አላልንም። ያን ዓመት ሲፈጽም 32 ጎል አግብቶ 100 አቀበለ፤ መቶ ማቀበል በዚህ ውድድር ታሪክ ከጥቂት ሰዎች በስተቀር ማንም ያልደረሰበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ የሰው እንጀራ ያለበት ነገር ነውና። ኖቬምበር 11 ቀን ቡድኑ ሲያትልን 4 ለ 1 አሸነፈ። በማግስቱ አሠልጣኙ ጄይ ውድክሮፍት ተሰናበተ። ይህ ሰው በፌብሩወሪ 2022 ሥራውን ከተረከበ ጀምሮ 79 ጊዜ ያሸነፈ፣ 41 ጊዜ የተሸነፈ፣ 13 ጊዜ በተጨማሪ ሰዓት የተረታ ነው፤ በ2022 ቡድኑን እስከ ግማሽ ፍጻሜ አድርሶታል። ይህ ሁሉ በ13 ግጥሚያ ተረሳ። በርሱ ቦታ ክሪስ ኖብላክ መጣ፤ ማክዴቪድን በወጣትነቱ በኢሪ ቡድን ያሠለጠነው ሰው ነው። የጥንቱ ታላቅ ተከላካይ ፖል ኮፊም ተከላካዮቹን ሊመራ ገባ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ 46 ጊዜ አሸንፎ፣ 18 ጊዜ ተሸንፎ፣ 5 ጊዜ በተጨማሪ ሰዓት ተረታ። ከዲሴምበር 21 እስከ ጃንዋሪ 27 ድረስ 16 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ ፒትስበርግ በ1993 ካቆመው የ17 ክብረ ወሰን የጎደለው አንድ ብቻ ነው።

«እንግዲህ አላያችሁም? ማባረሩ ልክ ነበር» ይሉናል ጓደኞቻችን። እኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አንስማማም። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ዶሮው ግን ፀሐይን አላወጣትም። በውድክሮፍት ጊዜ እንኳ ቡድኑ ከባላጋራዎቹ ይልቅ ብዙና መልካም የጎል ዕድል ይፈጥር ነበር። የጠፋው ሁለት ነገር ነው፤ የመቱት አልገባላቸውም፤ የተመታባቸውም አልዳነላቸውም። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ከፍና ዝቅ የሚሉት ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዛክ ሃይመን ያን ዓመት 54 ጎል እንዳገባ አንርሳ። ያንኑ ሃይመንን፣ ያንኑ ስኪነርን፣ ያንኑ ቡሻርድን ይዞ ውድክሮፍት እስከ ገና ቢቆይ ምን ይሆን ነበር? ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሊታወቅ በማይችል ነገር ላይ «ጥፋተኛ ነበር» ብሎ ማተም ግን ፍርድ አይደለም። ይህን ስንል የኖብላክንና የኮፊን ሥራ ማሳነሳችን አይደለም፤ ሥራቸው በግልጽ ታይቷል። የአንዱ ደግ መሥራት የሌላውን ክፉ መሥራት አያስረዳም ማለታችን ብቻ ነው።

ጥሎ ማለፉም ትምህርት አለው። ሎስ አንጀለስን በአምስት ግጥሚያ ካሸነፈ በኋላ፣ በመጀመሪያው ቀን 8 ለ 1 ያዋረደው ያው ቫንኩቨር ከፊቱ ቆመ። ከሦስተኛው ግጥሚያ በኋላ ስኪነር ተቀመጠ፤ ካልቪን ፒካርድ ሁለት ጊዜ ቆመ። «ይኸው አበቃለት» የሚለው ድምፅ እንደ ገና ተነሣ። ስኪነር በስድስተኛው ተመለሰ፤ ስድስተኛውንም ሰባተኛውንም አሸነፈ። ከዚያ ዳላስ በስድስት ግጥሚያ ተሸነፈ። በፍጻሜው ፍሎሪዳ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከመራ በኋላ ቡድናችን 8 ለ 1፣ 5 ለ 3፣ 5 ለ 1 አሸንፎ እኩል ሆነ። ጁን 24 ቀን 2024 በሰባተኛው ግጥሚያ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ዋንጫው ቀረ፤ በኖቬምበር 5 ነጥብ ይዞ የነበረው ቡድን ግን ከዋንጫው አንዲት ጎል ርቆ ቆመ።

ይህ በአንድ ቡድን ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። የሴይንት ልዊስ ቡድን ጃንዋሪ 3 ቀን 2019 ጧት ከ31ዱ ቡድኖች የመጨረሻው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ጆርደን ቢኒንግተን የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው በረኛ አቆመ፤ ጁን 12 ቀን ዋንጫውን አነሣ።

ነገር ግን ሚዛናችን በአንድ ወገን እንዳያጋድል የሌላውንም ወገን ማስረጃ እናቅርብ። በዚያች በኖቬምበር ሌሊት ያሸነፈን ሳን ሆዜ ዓመቱን በ47 ነጥብ ከ32ቱ የመጨረሻ ሆኖ ፈጸመ። ስለ እርሱ በኦክቶበር የተነገረው ክፉ ነገር ሁሉ እውነት ሆነ። እንግዲህ መጀመሪያው ሁልጊዜ ይዋሻል ማለት አይቻልም። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሳን ሆዜ ጎል ብቻ ሳይሆን ኳሱንም ሜዳውንም ለባላጋራ አስረክቦ ነበር፤ ኦይለርስ ግን ሜዳውን ይዞ ጎል ያጣ ቡድን ነበር። ውጤት ሰሌዳው ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሜዳው ላይ ግን አይመሳሰሉም። ሰሌዳውን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሊለይ አይችልም።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «እነዚህ ሰዎች ሚሊዮን ዶላር የሚከፈላቸው ናቸው፤ ቲኬት የገዛ ሰው የመተቸት መብት የለውምን?» ይሉናል። መብት አለው። እኛም በምሽት ባቡር ወደ ሮጀርስ ፕሌስ ስንሄድ ከምሳ ገንዘባችን ቆጥበን ነው። ነገር ግን መተቸትና መፍረድ የተለያዩ ናቸው። «ትናንት ሁለተኛዋን ጎል በረኛው ማዳን ነበረበት» ማለት ትችት ነው፤ ሰውዬውም ራሱ ይስማማበታል። «ይህ ሰው አይረባም፤ ይባረር» ማለት ፍርድ ነው፤ ለፍርድ ደግሞ ጊዜና ማስረጃ ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ስድብ አይሰማውም ያለው ማነው? በተወለደበት ከተማ፣ እናትና አባቱ በሚኖሩበት አገር የሚሰደብ ሰውማ ይልቁንም ይሰማዋል።

ከዚህ ትምህርት አገኘን እንዳንል በዓመቱ የሆነውን እናስታውስ። በኦክቶበር 2024 ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግጥሚያዎች 6 ለ 0፣ 5 ለ 2፣ 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ሦስት ጎል አግብቶ 15 ገባበት። በጋራ ክፍላችን ያው ችሎት በዚያው ወንበር፣ በዚያው ቃል ተሰየመ። በጁን 2025 ቡድኑ እንደ ገና ለፍጻሜ ደርሶ በስድስት ግጥሚያ በፍሎሪዳ ተሸነፈ። ከኦክቶበር ፈራጆች አንድ ስንኳ ተነሥቶ «ተሳስቼ ነበር» ሲል አልሰማንም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኛ ግን አፍስሰን ለመልቀም እንኳ ጎንበስ አላልንም።

ስለዚህ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቡድኑ 25 ግጥሚያ ሳይፈጽም በማንም ተጫዋች ላይ የመጨረሻ ቃል አንናገር፤ የየዕለቱን ጨዋታ ግን እንደ ልባችን እንተች። ሁለተኛ፣ ጎልን ብቻ ሳይሆን ጎሉ የመጣበትን መንገድ እንይ፤ ሰውየው ተጎድቶ ወይም ከረጅም ሕመም ተመልሶ እንደ ሆነም እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ በጋራ ክፍላችን አንድ ደብተር በገመድ ታስሮ ይሰቀል። በኦክቶበር መፍረድ የሚወድ ሁሉ ፍርዱን ከነቀኑ ይጻፍና ይፈርምበት፤ በኤፕሪል ሁላችንም ተሰብስበን ደብተሩ በጮክታ ይነበብ። ደብተሩ የሚሰቀለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ እጃችን ብዕር ሲይዝ ምላሳችን ይገታ እንደ ሆነ ለማየት ነው።

ይህ ነገር ከበረዶው ሜዳ ወጥቶ ወደ ክፍላችን እንደሚገባም አንዘንጋ። በዚሁ በኦክቶበር ወር አዲስ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ይወድቃል። ቋንቋው አዲስ፣ ብርዱ አዲስ፣ መምህሩ አዲስ ነው። «ይህ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ አልተፈጠረም» የሚለው ከተማሪም ከመምህርም አይጠፋም። የሚለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለበረኛው የፈረደው ያው ሰው ነው።

ደብተሩ ሲሰቀል የመጀመሪያውን መስመር የምንሞላው እኛ ነን። እንዲህ ይላል፦ «ኖቬምበር 9 ቀን 2023፤ ስቱዋርት ስኪነር አይረባም አልን። ተሳስተናል።» ከሥሩም ፊርማችንን እናኖራለን።